የሦስተኛው መስመር ክፍተት

ዘመሮ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017

ምንተስኖት ልጄ፣

ከእናትህ ልጀምር፤ እሱን ሳልነግርህ ሌላውን ብጽፍ አታነበውም። እትዬ የትምወርቅ ዛሬ ጠዋት አጥሚት ጠጥተዋል። ትናንትም ጠጥተዋል፤ ከትናንት በስቲያ ግን እምቢ አሉ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጧል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሁለት የሱፍ ባና አጥፌ ከጀርባቸው አድርጌላቸዋለሁ፤ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት ማለት ይቻላል። ነርሷ ፀጋ ከጤና ጣቢያ መጥታ አየቻቸው። ልባቸው ደክሟል፣ ውሃው የሚጠራቀመው ለዚያ ነው ብላ የሚያሸና ክኒን ሰጠቻቸው። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቢሄዱ ጥሩ ነበር አለች። ይህን ያለችው መንገዱን እያወቀች ነው፤ እኔም መንገዱን እያወቅሁ እሺ አልኳት።

ታናሽ ወንድማቸው ዳኜ እሑድ እሑድ ከገጠር ብቅ ይላል። ገብሱን ገና አላጨደም። ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ስለመጣ ከወንዙ ዳር ያለው ማሳ ተመትቶበታል፤ እሱን ለእናትህ አልነገራቸውም፣ እሳቸውም መታመማቸውን ለእሱ አይነግሩትም፤ ሁለቱ ተቀምጠው ስለ በግ ያወራሉ።

እናትህ «ደህና ነች ብለሽ ጻፊለት፤ ሌላ እንዳትጨምሪ» ብለውኛል። እሺ ብዬ ነው ወደ ቤቴ የመጣሁት። ይኸው እንግዲህ እሺ ማለቴ።

ደወሉ ይጮኻል ወይ ላልከኝ፣ አይጮኽም። ክረምቱ ሳይወጣ ጀምሮ አይጮኽም። አንተን ማስጨነቅ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት፤ ይቅር በለኝ። የተውክልኝ ላፕቶፕ አልነሣ ብሎኝ ገበያ ዳር ላለው ሞባይል ጠጋኝ ሰጠሁት። አስነሣው፤ ሲያስነሣው ግን በአሮጌው ፈንታ አዲስ ሲስተም ጭኖበት ኖሯል። «ፋይልሽ አንድም አልጠፋም» አለኝ፣ እውነትም ያንተ ፎልደር አለ። ነገር ግን አንተ ባሳየኸኝ መንገድ ደወሉን ላስነሣ ስል በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጽፎ እምቢ ይለኛል። ጠጋኙን ባስነብበው ልኩ አይደለም ነው የሚለው አለኝ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም ብሎ መለሰልኝ።

ለጥምቀት መጥተህ ቀዩን ቁልፍ ከእናትህ አልጋ ራስጌ አስረህ፣ ሽቦውን በግድግዳው ቀዳዳ አሳልፈህ እኔ ቤት ካለው ላፕቶፕ ጋር ስታገናኘው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ማዶ ሆነው ሲጫኑት እኔ ዘንድ ሲጮኽ ግን ከስፌት መኪናዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ውሃ ሲጠማቸውም፣ በር ሲንኳኳባቸውም፣ እንዲያው ወሬ ሲያምራቸውም ይጫኑት ነበር። አሁን ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ድምፃቸው ደግሞ ከጉሮሯቸው አይወጣም፤ እኔ መኪናዬን ስረግጥ ምንም አልሰማም።

ማታ ማታ እዚያው ነው የማድረው። ቀን ግን መስፋት አለብኝ፣ ገበያም እወጣለሁ። ሰው ላስቀምጥልዎት ብላቸው፣ እንደ ሬሳ ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቀኝም አሉ። የቆርቆሮ ሳህንና ማንኪያ ሰጥቻቸው ይህን ይምቱልኝ ብላቸው ሳህኑን ወደ በሩ ወረወሩት። «በቆርቆሮ የምጣራ ለማኝ ነኝ? ልጄ የሠራልኝ አለ» አሉ። እንግዲህ ፍረድ።

ነገሩ ይኼው ነው ምንቴ። እኔ በሌለሁበት ሰዓት ትንፋሽ ቢያጥራቸው ከዚያ ቁልፍ በቀር የሚጠሩበት ነገር የላቸውም፣ ሌላም አይፈልጉም። ስለዚህ መጮኽ አለበት።

ምናልባት ብለህ ከጥያቄህ ጋር የላክኸው ፍላሽ አልደረሰኝም። ሹፌሩ አወቀ ፍተሻ ላይ ወሰዱብኝ አለ። ምን አለበት ሲሉት አላውቅም በማለቱ ግማሽ ቀን አቁመውታል፤ ሁለተኛ ፍላሽ አልይዝም ብሎ ምሏል። ስልኩ ታወሩ ከተበላሸ ወዲህ እንደምታውቀው ነው። በወረቀት ጻፍልኝ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል አይጠፋኝም፤ አንድ በአንድ እየለቀምኩ እመታዋለሁ።

አንተ ግን እንዳትመጣ። ይህን የምንልህ እኔም እሳቸውም ነን። ባለፈው ከአወቀ መኪና ላይ ያወረዷቸው ሁለት ጎረምሶች እስካሁን ወሬያቸው አልተሰማም።

በለጠች


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017

እትዬ በለጠች፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። እማዬ አትጻፊለት ያለችውን ስለጻፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህም እንደዚሁ ይጻፉልኝ። ፍላሽ መላኬ ጥፋት ነበር፤ አወቀን ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ማሽኑ ልኩ አይደለም ያለው እውነቱን ነው። በእርስዎ ሙያ ላስረዳዎት። በላፕቶፑ ሲስተም መሐል ከርነል የሚባል አለ፤ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ነው የሚሰፋው፤ እሱን ካፖርት ይበሉት። ቁልፉን ከደወሉ ጋር የሚያገናኘው ሞጁል ደግሞ ኪስ ነው። እኔ ኪሱን ለአሮጌው ካፖርት ልክ ሰፍቼ ሄድኩ። ጠጋኙ ካፖርቱን ለወጠው። አዲሱ በሌላ ልክ የተሰፋን ኪስ አይቀበልም፤ ደግ ያደርጋል፣ ቢቀበለው ኖሮ ሁለቱም ይቀደዱ ነበር። ጨርቁ ግን አለ። ፎልደሩ ውስጥ ደወል የሚል ፋይል ያገኛሉ፤ እሱ ነው፣ አይንኩት። የቀረን በአዲሱ ልክ ቆርጦ መስፋት ብቻ ነው።

ቆራጩን የሚያዘው ወረቀት ሜክፋይል ይባላል። በወቅቱ ሰፍቼ የመጣሁት በራሴ ማሽን ስለነበር እርስዎ ጋ አልተውኩትም። ሦስት መስመር ነው፤ ከዚህ ጋር ባለው ነጠላ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው ምን እንደሚሰፋ ይናገራል። ሁለተኛው ለሥራው ስም ይሰጠዋል። ሦስተኛው፣ የአዲሱን ካፖርት ልክ ከራሱ ከማሽኑ ወስደህ ስፋ ብሎ ያዛል። በፎልደሩ ውስጥ አዲስ ፋይል ከፍተው እነዚህን ይምቱ፤ ስሙን ከወረቀቱ ራስ ላይ እንደጻፍኩት አድርገው ያስቀምጡት። ከዚያ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፍተው ሜክ ብለው ኢንተር ይምቱ። የሚጻፈው አራት ፊደል ከወረቀቱ ግርጌ አለ። ተሰፍቶ ሲያልቅ ሞጁሉን የሚያስገባውን ትእዛዝ ከጀርባው ያገኙታል።

መጀመሪያ ወረቀቱን በቀስትና በምልክት አብራርቼው ነበር። አወቀ አየና «ይኼን ይዤ ብያዝ ካርታ ነው ይሉኛል፤ ምልክት ያለበት ወረቀት አልይዝም» አለኝ። ስለዚህ ቀስቶቹን አውጥቼ በንጹሕ ገለበጥኩት። ነጥቡንም ቅንፉንም እንዳለ ይምቱት።

እግሯ ማበጡን ጽፈዋል። ፊቷስ? ጠዋት ጠዋት ከዓይኗ ሥር ያብጣል? ፀጋን ይጠይቁልኝ። መምጣቱን እያሰብኩበት ነው፤ ለእማዬ አይንገሯት።

ምንተስኖት


ዘመሮ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017

ምንቴ፣ እንዴት ሰንብተሃል?

ፊታቸው ያብጣል። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸው ጠበብ ይላል፣ ቀትር ላይ ይከፈታል። ፀጋን ጠየቅኋት፤ ክኒኑን ጨመረችላቸው። «ልጁ ሐኪም ነው እንዴ?» አለችኝ። የኮምፒውተር ነው ብላት፣ ጥያቄው ግን የሐኪም ነው አለች። መምጣትህን አልነገርኳቸውም፤ አትመጣማ። ያልኩህን ረሳህ?

አወቀ ያን ወረቀትህን እንዴት እንዳሳለፈው ስማ። ፍተሻ ላይ ኪሱን ሲፈትሹ ተገኘ። ምንድን ነው ሲሉት፣ ለዘመሮዋ ልብስ ሰፊ የተላከ የልብስ ልኬት ነው አላቸው። አንደኛው ቅንፉን እያሳየ ይኼስ ቢለው ደረት ነው አለው። ወደ ዶላሩ ምልክት ሲደርሱ እሱም ትንሽ ደንገጥ አለ። «ይኼስ?» «እሱ ዋጋው ነው» አለ። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ እየመለሰለት፣ ዘመሮም በዶላር መስፋት ጀመሩ አለው ይባላል። ለእናትህ ሳወራቸው ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ ሳቁ፤ ደንግጬ ጀርባቸውን ደገፍኩ።

ወደ ሥራችን ልምጣ። መብራት ስትመጣ ጠብቄ ተቀመጥኩ። ፊደሎቹን መፈለጉ ነው እንጂ መምታቱ ምንም አይደል፤ ቅንፉ የት እንዳለ ሳላገኝ ምሳ ሰዓት አለፈ። ሦስቱንም መስመር ጨረስኩ። አንድ ነገር ብቻ አርሜልሃለሁ። ሦስተኛውን መስመር ከዳር ገባ አድርገህ ጽፈኸዋል። እኛም ተምረነዋል። የደብዳቤ አንቀጽ አውራ ጣት ያህል ገባ ተብሎ ነው የሚጀመረው እያሉ አስተማሪያችን በማስመሪያ ጣታችንን ይመቱን ነበር። አንተም ደብዳቤ ስትጽፍ ኖረህ እጅህ ለምዶብህ ነው ብዬ ሳቅኩ። ማሽን ደግሞ ምን የአንቀጽ ወግ ያውቃል ብዬ ሦስቱንም እንደ ጠርዝ ስፌት እኩል አሰለፍኳቸው። ብታየው ያምራል።

ከዚያ ያልከኝን አራት ፊደል መትቼ ኢንተር አልኩ። ወዲያው መለሰልኝ፤ አንድ መስመር ብቻ። የፋይሉ ስም፣ የሦስት ቁጥር፣ ሦስት ኮከብ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። ገልብጬ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ነጥብ የረሳሁ እንደሆነ ብዬ ካንተ ወረቀት ጋር ደጋግሜ አስተያየሁት። ምንም አላጎደልኩም። እንደገና ብመታውም ያንኑ ይለኛል። በዚህ በኩል ያለው ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ጠጋኙም «ኮከብ ካለው ከባድ ነው» ብሎ ሄደ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ትስቅብኛለህ። እናትህ ደወሉ እንደማይጮኽ እያወቁም በየቀኑ ይጫኑታል። ልምምድ ነው ይላሉ። ማክሰኞ ዕለት ሾርባ ይዤ ስገባ፣ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ ገና ማንሣታቸው ነበር። «ጮኸልሽ?» አሉኝ። ፊታቸውን ብታየው። ከአፌ የወጣው «አዎ፣ ሰምቼ እኮ ነው የመጣሁት» ሆነ። ምን አሉ መሰለህ? «አላልኩሽም? እዚያው አዲስ አበባ ሆኖ ሠራው።» የዚያን ዕለት ሾርባውን ጨረሱ፣ ግማሽ እንጀራም ጨመሩበት። ዳኜ ሲመጣም ነገሩት፤ ለመምሬ ወልደ ጻድቅም ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ነገሯቸው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ የየትምወርቅ ልጅ ደወሉን ከሩቅ ጠገነው ይላል።

እስከዚያው ቶሎ ቶሎ ብቅ እላለሁ፤ ስሰፋም በሩን ክፍት እተዋለሁ። አንተ ግን ቶሎ መልስልኝ። እኔ በአፌ አስጮኸሁት፤ አንተ በእውነት አስጩኸው።

በለጠች


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017

እትዬ በለጠች፣

ማሽኑ የጻፈው «ሦስተኛው መስመር ላይ መለያ የለም፤ ቆሜአለሁ» ነው የሚለው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ያ ክፍተት የአንቀጽ መግቢያ አልነበረም። ከቁልፎቹ በስተግራ፣ ከቁጥሮቹ ረድፍ በታች ባለው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ሁለት ቀስት የተሳለበት ሰፋ ያለ ቁልፍ አለ፤ ታብ ይባላል። ሦስተኛው መስመር ሲጀመር እሱን አንድ ጊዜ መምታት ነው። ባዶ ቦታ የሚሰጠው ረጅሙ ቁልፍ አይሆንም፣ ለዓይን አንድ ቢመስልም ማሽኑ ይለየዋል። ይህ መስመር ከበላዩ ላለው ሥራ የተሰጠ ትእዛዝ ነው ብሎ የሚነግረው ያ ክፍተት ነው። በመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ ቀስት አድርጌበት ነበር። ቀስቱን ሳወጣ በቃል ልጽፈው ይገባኝ ነበር፤ አልጻፍኩትም።

አሁን የምለው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ለእማዬ ይጮኻል ያሏትን፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ እንደገባ ሄደው አይጮኽም ይበሏት። ስለ ደግነትዎ መሆኑን አውቃለሁ። ትቆጣለች፤ ትቆጣ። ሾርባዋን ትተወው ይሆናል፤ ትተወው። እንደማይጮኽ ካወቀች ሳህኑንም ትመታለች፣ ሰውም ታስቀምጣለች፣ ባይሆን በሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ትጠራለች። ይጮኻል ብላ ካመነች ግን ተጭና ዝም ብላ ነው የምትጠብቀው። እናቴን አውቃታለሁ፤ እኔ የሠራሁት ነገር ይከዳኛል አትልም። እባክዎን።

አወቀ መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምቷል። ዛሬ ካልተነሣ መቼ እንደሚነሣ አላውቅም ብሎኛል። ደብዳቤውን እየጻፍኩ ያለሁት እሱ ጭነት እስኪያስር መኪናው አጠገብ ቆሜ ነው።

ምንተስኖት


ዘመሮ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017

ለምንተስኖት፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። መንገዱ ተዘግቶ ስለ ሰነበተ አወቀ የገባው ትናንት ነው፤ ደብዳቤህም ትናንት ነው የደረሰኝ። ለዘገየው ሁሉ ይቅርታ።

ታቡን እንዳልከኝ መታሁት። ቁልፉን ወዲያው ነው ያገኘሁት። ከዚያ ሜክ ስለው ኮከብ አላመጣም። መስመር በመስመር እየጻፈ ወርዶ በመጨረሻ ጸጥ አለ። በፎልደሩ ውስጥ ያልነበሩ ፋይሎች ተፈጥረዋል። ሞጁሉን አስገባ ያልከውን ትእዛዝ መታሁ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ ተቀበለው። ማዶ ቤት ሄጄ፣ የሁለቱንም ቤት በር ከፍቼ፣ ቁልፉን ተጫንኩት። ጮኸ። ደግሜ ተጫንኩት፤ ጮኸ። ይሠራል።

እናትህ ደህና ናቸው። ዳኜ የቀረውን ገብስ አጭዷል። ብርዱ በርትቷል። ሰው የጫነ መኪና ገና አያሳልፉም፣ ጭነት ብቻ ነው የሚያልፈው ይላሉ። አወቀ ሊነሣ ስለሆነ በዚሁ ላብቃ።

በለጠች


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017

እትዬ በለጠች፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሜክፋይሉ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። ከእርስዎ የተሻለ ማንም አይሠራውም ነበር።

ስለ እማዬ የጻፉት ግን ደህና ናቸው የሚል ብቻ ነው። እርስዎ ስለ እሷ ሲጽፉ ምን እንደጠጣች፣ ማንን እንደተቆጣች፣ ምን ብላ እንደሰደበችኝ ሁሉ ይጽፉልኝ ነበር። ደወሉ ሲጮኽ ምን እንዳለች አልጻፉም። ቁልፉንም የተጫኑት እርስዎ ነዎት። አወቀን ጠየቅኩት። ጎማውን በእግሩ እየመታ ስለ ነዳጅ አወራኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጠይቅም። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ካለ ወደ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ወደ ቤቴ ይምጣ። ጠዋት ጠዋት አለሁ።

አንዱን ብቻ ይመልሱልኝ፤ ለመመለስ ባይመችም ይመልሱልኝ። አይጮኽም ብለው ነግረዋት ነበር?

ምንተስኖት


ዘመሮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017

ምንቴ ልጄ፣

ይህን ወረቀት ይዞ የሚመጣው ዳኜ ነው። እሱና መምሬ ወልደ ጻድቅ ሳይነግሩህ እንዳይሰጡህ አስምያቸዋለሁ። መንገዱ ለሽማግሌ ስለተከፈተ ነው ዛሬ የሚነሡት። እንግዲህ ይህን ስታነብ ሰምተሃል፤ አልቅሰሃል፣ ወይ ገና እያለቀስክ ነው። እኔም አሁን መጻፍ እችላለሁ።

አልነገርኳቸውም። ደብዳቤህ እጄ ሲገባ ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር።

ያረፉት በገበያ ቀን ነው። ጠዋት አጥሚታቸውን ጠጥተዋል፤ ስኳር አሳነሽ ብለው ተቆጥተውኛል። ክርና ገበር ለመግዛት መውጣት ነበረብኝ፤ ልቅር ብላቸው «ሂጂ እንጂ፣ ደወሉ አለኝ አይደል?» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ክሩን ወዲያው ነው የገዛሁት። ከዚያ አንዷ ስለ ልጇ ሠርግ ያዘችኝና ቆሜ አወራሁ፤ እኔም ጨመርኩላት እንጂ ልሂድ አላልኩም። አመሌን ታውቀዋለህ።

ስመለስ ባናው ላይ ደገፍ እንዳሉ ናቸው። ሰውነታቸው ገና አልቀዘቀዘም። ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ነበር። ቁልፉ በእጃቸው ውስጥ ነው። ተጭነውት ይሁን ወይ እንዲሁ ይዘውት አላውቅም። ማሽኑም አያውቅም፤ ያን ጊዜ ኪሱ አልተሰፋለትም። ስንቴ እንዳሰብኩት አትጠይቀኝ።

ደህና ናቸው ብዬ የጻፍኩልህ ወጉ ስለሆነ ነው፤ ማንም ሰው የእናቱን መርዶ በወረቀት አይረዳም። አንተም ገብቶሃል። ግን ሰዉ ለእዝን ተቀምጦ ሳለ እኔ ለምን ከላፕቶፑ ጋር ስታገል ዋልኩ ብትለኝ፣ ከምጽፍልህ ውስጥ አንዷ እንኳ እውነት እንድትሆን ብዬ ነው። ይሠራል ያልኩህ እውነት ነው። ስትጮኽ ግን ዳኜ ተነሥቶ ወጣ።

የመጣውን ሰው ልንገርህ።

ፀጋ መጥታ ነበር። «ብትኖሪም በእጅሽ ላይ ነበር የሚያልፉት፤ እዚህ የሚደረግላቸው አልነበረም» አለችኝ። እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ አላወቅሁም። እኔ ራሴ እንዴት እንደሚባል ስለማውቅ፣ ደግ ነገር የሚነግረኝን ሰው ማመን አቅቶኛል።

ዳኜ ለእዝኑ ገብስ አስፈጭቶ በአህያ አመጣ። ያ የምታውቀው ማሳ እንደተመታበት ለእናትህ ሳይነግራቸው ቀረ። ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ያላቸውን ይሰጡኝ ነበር፣ እኔም እምቢ እላቸው ነበር፣ በዚያ ተጣልተን ደስ ይለኝ ነበር አለ። ከዚያ ደግሞ ልጁ ስለ ደወሉ ቢጠይቀን ምን እንበለው አለኝ። እኔ እጽፍለታለሁ፣ እናንተ አላውቅም በሉ አልኩት።

አወቀ የመጣው መሸት ሲል ነው። ቁጭ በል ብለው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። «ቀስቱን ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አለኝ። አዎ አንተ ነህ አልኩት፤ መስመሩን ያስተካከልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እሱን ብታገኘው ክፉ አትናገረው። ያን ወረቀት ኪሱ ይዞ ያለፈው ራሱን ሰጥቶ ነው።

መምሬ ወልደ ጻድቅ በጉዞው ጉዳይ ሊነጋገሩ መጥተው ይህን ስጽፍ አገኙኝ። ምን ልትይው ነው አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «የአንቺን ለእኔ ንገሪኝ፤ በልጁ ላይ ግን ሸክም አትጨምሪበት። ነግሬያቸው ነበር በይው፤ ምን ይጎዳል?» አሉኝ። እሳቸውን እምቢ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን እሺ አላልኳቸውም። በዚህ ቤት እሺ በዛ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ።

ለአርባው ና ወይም አትምጣ አልልህም፤ ሁለቱንም ማለት ፈራሁ። ተቆጥተህ ብትቀር አውቅልሃለሁ። ባናዎቹን አጥቤ አስጥቻቸዋለሁ፤ ያንተ ናቸው። የቤቱ ቁልፍ ዳኜ ጋ ነው።

አሁን ልጨርስ ስል መስታወት መጣች። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችዋ፣ ጠላ የምትሸጠዋ ናት፤ ባሏ ወንዳፈራሁ ግማሽ አካሉ ከሞተ ወዲህ አፉ ተይዟል፣ የሚሠራለት ግራ እጁ ብቻ ነው። ስትገባ እንኳን ለቅሶ አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ከላፕቶፑ ላይ አልነሣ አለ። እኔ ጠላ ልሸጥ ስወጣ እሱ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው አለችኝ። ደወሉን ለእሱ ብናደርግለትስ ብላ ለመነችኝ። የልጁ ነው፣ እሱን ሳልጠይቅ አልሰጥም አልኳት። እሺ ጠይቂልኝ አለች።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በለጠች፣ የእውነት ይጮኻል?» አለችኝ።

«እኔን አትጠይቂኝ» አልኳት። «እኔ ማዶ ሄጄ እጫነዋለሁ፤ አንቺ እዚሁ ቁሚና በጆሮሽ ስሚው።»

በለጠች